ማኑዋሉ ምብራት ዘንድ ነው

ሙሉዓለም፣

የነገውን የላቦራቶሪ ማኑዋል ፍራሽ ስር አትፈልገው። ለምብራት ሰጥቻታለሁ።

ጋዋንህ ታጥቦ በሩ ኋላ ተሰቅሏል። ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። እኔ የቀበሌ ጥበቃ ተራዬ ስለሆነ ዛሬ አልገባም።

ላቦራቶሪ ባለህ ቁጥር ማታ ማኑዋሉን ይዤ የምጠይቅህ እኔ ነበርኩ። አንተ ተጋድመህ ትመልሳለህ፤ እኔ እንግሊዝኛውን በጣቴ እየተከተልኩ እታገላለሁ። ከዚያ ፒያሳ ኬክ ቤት፣ በዚያችው በምብራት ፊት፣ «ወልዴ ሲያነብ የቸርችልን ዳገት የሚወጣ አውቶቡስ ነው የሚመስለው» አልክ። ጓደኞችህ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። እኔም ኬኩን እንደጎረስኩ አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ዛሬ አራት ኪሎ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ማን እንደሚያስጠናህ። እኔ ካልያዝኩልህ አንድ ገጽ እንደማትገልጥ።

አስተማሪያችሁ በር ላይ እየጠየቀ፣ አንዱ ሳይዘጋጅ ከመጣ አብሮት የሚሠራውንም እንደሚያባርር የነገርከኝ አንተ ነህ። አብራህ የምትሠራው ደግሞ እሷ ናት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ይምጣ፣ እኔው ራሴ እጠይቀዋለሁ» አለች።

ሰዓት እላፊ ሳይደርስብህ ቤቷ ሂድ። የነገው ሥራ በአሲድ ነው፤ ሳታነብ እንዳትነካው።

እኔ መልሱ እስኪመጣልህ ድረስ ዝም ብዬ እጠብቅህ ነበር። እሷ ትጠብቅህ እንደሆነ እናያለን።

ወልደሥላሴ