በቀይ የከበብሃት መስመር

ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ የአስተማሪህም አይደለም። ያንተ ነው፣ ልጄ።

ያም ሆኖ እንደምን ከርመሃል? ራስ ምታቱ ለቀቀህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰቆጣ ላይ ዝናቡ ዘንድሮም ዘግይቷል። ፊደሌ ከተንጋደደ ታገሰኝ፤ በሃምሳ ዓመቴ የተማርሁት ነው። ማን እንዳስተማረኝም ታውቃለህ።

አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ደሃና ወረዳ ስንኖር ለተማሪዎቹ በስልክ ያስቀዳውን ዜማ ለፋሲካ ስትመጣ ለትምህርቴ ብለህ ወሰድህ። የድምፁን ሥዕል በወረቀት አሳየኸኝ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜው ይሄዳል፣ ከታች ወደ ላይ ድምፁ ይቀጥናል። አባትህ በፊደል ራስ ላይ የሚያሰፍረው የዜማ ምልክት መሰለኝና ደስ አለኝ። ሁለቱን እኩል አጥርቶ ማየት አይቻልም፣ ሰዓቱን ስታጠራ ቅጥነቱ ይደበዝዛል አልኸኝ። ከአባትህ መስመር በላይ፣ ትንሽ ዘግይታ የምትከተል ቀጭን መስመር ነበረች። በቀይ ከበብሃትና «ይቺ ረብሻ ናት፣ እማዬ፤ አጸዳታለሁ» አልህ። እኔ አቧራ የምታራግፍ መስሎኝ እሺ አልሁህ።

ዜማው ያለበትን የስልክ ሚሞሪ መልሰህ ላክህ። ጎረቤቴ ሸጌ አብራኝ ሰማችና «አንቺ፣ ባልሽን እንደ ሙሽራ አጥበው መለሱልሽ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። ከመጀመሪያው አስጀምሬ ደግሞ ጠበቅሁ። ደውዬ ስጠይቅህ፣ የድሮውን አጥፍቼ በዚህ ተካሁት አልህ፤ ኮርተህ።

በየቀኑ የምከፍተው አባትህን ለመስማት ይመስልህ ነበር? እሱን ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እህትህ ማሬ፣ ጓዳ ገብስ እያበጠረች ከኋላ ከኋላው በዜማ ትከተለው ነበር። ሴት ልጅ ምን አገባት ከዜማ እያለ ስለሚቆጣት፣ እንዳይሰማት ቀስ ብላ። በጦርነቱ መንገዱ በተዘጋ ዓመት መድኃኒት አጥታ ከሄደችብኝ ወዲህ ከዚያ ሌላ ድምፅዋ አልነበረኝም።

መቼ እንደገባች አውቀሃል። ምን ያህል እንደቀጠነች አውቀሃል። የማን እንደሆነች ግን አላወቅህም፤ አንድ ጡት ጠብታችሁ።

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ሳልፍ ቀዩን ክብ በጣቴ እነካዋለሁ። ወረቀት ነው፤ አይናገርም።

ትምህርትህን ፈጽም። የአባትህ አምላክ ይጠብቅህ፤ ወልደህ የልጅህን ድምፅ ለይተህ ለማወቅ ያብቃህ። ስልክህን ግን ከእንግዲህ አላነሳም። ድምፄን አልሰጥህም።

የማሬ እናት