የተነሳሁበት ወንበር

ይድረስ ለልጄ ለዛውር፣

እንደምን ሰነበትክ አባቴ? ጤናህስ? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? የላክሁልህ የሱፍ ካልሲ ደረሰህ ወይስ አለቆችህ ቀሙህ? ሳይቤሪያን ያህል ብርድ ውስጥ ዘብ ቆመህ ሳስብህ እጄ ሥራ ይፈታል። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ግን አትመነኝ፤ እህትህ ጺያላ እንቅልፍ ነሥታኛለች።

እሑድ ኩታይሲ ከተማ ላይ ጺያላ ከላማራ ጋር በቼዝ ገጠመች። ያሸነፈችው ትብሊሲ ለትልቁ ውድድር ትሄዳለች፣ የተሸነፈችው ወደ ቤቷ። እኔ ከላማራ እናት ከናኑሊ ጎን ተቀመጥኩ። ቼዙን ያስተማርካት አንተ ነህ፤ እኔ ፈረሱ እንዴት እንደሚዘል ዛሬም አይገባኝም። ገበታው አጠገብ ያለው ሰዓት ግን ይገባኛል፤ ለእያንዳንዳቸው የተቆጠረ ጊዜ አላቸው፣ ቀድሞ ያለቀባት ትሸነፋለች። ተጫውቶ የሰዓቱን ቁልፍ ያልተጫነ የራሱን ጊዜ ይበላል።

ጺያላ ሆዬ ንግሥቷን አንቀሳቀሰች፣ ክንዷን አጣጠፈች፣ ቁልፉን እርስት! ላማራ አንገቷን ደፍታ የምታስብ መሰለች፤ የማን ሰዓት እየሄደ እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ናኑሊም አይታ ከንፈሯን ሸፈነች። ተመልካች ለጺያላ በጥቅሻ እንኳ ምልክት ከሰጠ ዳኛው ጨዋታውን ይነጥቃታል። ምላሴን ነከስኩ፣ የሻሼን ጫፍ ነከስኩ። ሰዓቷ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ወይኔ ጉዴ፣ አሁንስ ጮኼ ላጠፋት ነው ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

ደጅ ዝናብ ላይ ቆሜ ስንቀጠቀጥ ጺያላ ወጣች። አሸንፋለች! ፊቷ ግን የአሸናፊ ፊት አይደለም። እማዬ የት ጠፋሽብኝ አለችኝ። ለካ ቀና ስትል ወንበሬ ባዶ ሆኖባት፣ እኔን በዓይኗ ስትፈልግ ነው ሰዓቱን አይታ ቁልፉን የተጫነችው።

ናኑሊ ደግሞ ተከትላ ወጥታ፣ አንቺ ተንኮለኛ፣ እንዲህ ወጥቶ ማስጠንቀቅ ከመጮህ በምን ይለያል ብላ በሰው ፊት አዋረደችኝ። ዳኛው መውጣት አልተከለከለም ብሎ ዘጋው። ዛውርዬ፣ እኔ እኮ ዝም ለማለት ነው የወጣሁት! ጺያላም ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ ከዚያ ወዲህ የቼዝ ገበታውን አልነካችውም። አንተ ሕጉን ታውቃለህ፤ አጠፋሁ ወይ? ፈራሁ ልጄ፣ ቶሎ ጻፍልኝ።

አባትህ ይስምሃል፤ የዘንድሮውን ወይን ዛውር ሳይመጣ አልከፍትም ብሏል። አያትህ ኦሊያ ጉልበቷን እያመማትም ትመርቅሃለች። ጺያላም ሰላም ብላሃለች፤ ይህንንም ጻፊልኝ ብላለች፦ ትብሊሲ ላይ እማዬን ከፊት ወንበር አስቀምጣታለሁ፤ ሰዓቴ እያየችው ቢያልቅም እንዳትነሳ። እሺ ብያታለሁ። እንዴት እንደምችለው እንጃ።

እናትህ ናርጊዛ
ዙግዲዲ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1978