ስለ መጥበሻ ፍቅፋቂና ስለ ተባረረችው ዕቃ አጣቢ

ለተከበሩ የስፔን ምግብ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዕቃ አጣቢዋን ወደ ሥራዋ እንዲመልሱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በምግብ ቤትዎ መግቢያ ላይ አንድ ቀንድ ብቻ ይዞ ቆሞ እንግዳ ለሚቀበለው የእንጨት በሬም ሳይቀር ጤናና ሰላም እመኛለሁ። ጨጓራዎም እንዲበረታ ከልብ እጸልያለሁ፤ ምግብ ከሰው አፍ ሲርቅ ምን እንደሚመስል ስምንት ወር ሙሉ ስላየሁ ይህን ምኞት ለማንም አልነፍግም።

እኔ ከምግብ ቤትዎ ሦስት መታጠፊያ ወረድ ብላ በምትገኝ አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአካል ላቀርብልዎ ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ወደ አስተያየት መስጫው ሣጥን መሩኝ፣ ሣጥኑ ግን ማስገቢያው ላይ የአበባ ማስቀመጫ ስለተቀመጠበት፣ አበባውን ላለማወክ ስል ደብዳቤዬን በሱቄ መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ። አላፊ አግዳሚው ከእርስዎ ቀድሞ ቢያነበው ጥፋቱ የአበባው ነው። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ በአባቴ ምክንያት ከሥራ ያባረሯትን ዕቃ አጣቢ ይመልሱልን። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

ነገሩ እንዲገባዎት ስለ አባቴ ጥቂት ልበል። አባቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት በዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆነው ኖረዋል። ከስምንት ወር በፊት እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ያቀረብኩላቸውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ጎርሰው፣ እጅሽ ይባረክ ብለው፣ ሳህኑን ቀስ አድርገው ወደ እኔ ይገፉታል፤ ሁሉም ነገር ወረቀት ወረቀት ይለኛል ይላሉ። የሱሪያቸውን ወገብ ሦስት ጊዜ አጥብቤዋለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ሊሳሳሙ ምንም ስላልቀራቸው መቀሴን አስቀምጬ አለቀስኩ። ሐኪሙ ያማራቸውን ስጧቸው አለ፤ ያማራቸው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በሰፊ መጥበሻ የሚሠራው የስፔን ሩዝ፣ ያውም ከሥሩ የያዘው።

ይህን ሩዝ እኔና ወንድሞቼ ከልጅነታችን ጀምሮ በወሬ እናውቀዋለን። መርከባቸው ሞተሩ ተበላሽቶ በአንድ የስፔን ወደብ አርባ ቀን በቆመ ጊዜ፣ የወደቡ ሴቶች ሩዙን ሆን ብለው ከሥሩ እያስያዙ፣ ላዩን ለቤተሰቡ፣ ፍቅፋቂውን ግን ለከበረው እንግዳ ይሰጡ እንደነበር አባቴ ስንት ጊዜ እንደነገሩን አልቆጥረውም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላልና፣ የሚያውቁት አገር ናፍቋቸው ነው ብዬ በከተማው ውስጥ በስፔን ስም ከሚጠሩት ሁሉ ከፍ ባለው፣ ማለትም በእርስዎ ቤት፣ ለእሑድ ምሳ ቦታ አስያዝኩ። አባቴም ከዋዜማው ጀምሮ ጫማቸውን ሁለት ጊዜ ቦረሹ።

እርስዎ ሥርዓት የሚወዱ ሰው መሆንዎን ከጠረጴዛው እስከ ጃንጥላ ማስቀመጫው ቁጥር ስለለጠፉበት ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ እኔም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ መጋረጃዎቹን ሁሉ ዘግተው ሻማ ስላበሩልን እናመሰግናለን። አባቴ ሜኑውን ለማንበብ መነጽራቸውን አወጡ፣ እኔም የስልኬን መብራት ያዝኩላቸው፣ አስተናጋጁ ግን መብራቱ የሌሎቹን እንግዶች መንፈስ እንደሚረብሽ በጆሮዬ ሹክ ስላለኝ፣ ሜኑውን በብብቴ ይዤ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ወዳለው አምፖል እየሄድኩ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ እየተመለስኩ እነግራቸው ነበር። መደገፊያ የሌለው ረጅም ወንበርዎም ለጤና ጥሩ ነው፤ አባቴ በማዕበል ላይ ድስት ይዘው መቆም የለመዱ ሰው በመሆናቸው አልወደቁም።

ሁለተኛ፤ የምንበላው ምሳ ሳይሆን ጉዞ መሆኑን አስተናጋጅዎ በትዕግሥት ስላስረዳን እናመሰግናለን። የጉዞው መነሻ በጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ሦስት የወይራ ፍሬዎች ነበሩ፤ እኛ ሁለት ሰዎች ስለነበርን ሦስተኛዋን አንቺ ብዪ፣ እርስዎ ይብሉ ስንባባል አስተናጋጁ ያለቀ መስሎት ከነድንጋዩ ወሰዳት። ቀጥሎ የመጣው የድንች ኦምሌት በብርጭቆ ውስጥ አረፋ ሆኖ ነበር፤ ድንቹ የለም፣ የእንቁላሉም ወሬ ብቻ ነው፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለካ ስለ እኛ ኖሯል። የቲማቲሙ ሾርባ ቀዝቃዛ መሆን እንዳለበት አባቴ ያውቃሉና አላጉረመረሙም፤ ጨው እንዳነሰው ሲናገሩ ግን ሼፉ ጨውን በሐሳብ ደረጃ እንደሚጠቀምበት ተገለጸልን። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባል ነበር፤ በእርስዎ ቤት ድንጋዩም ሳይጣል ገበታ ላይ እንደሚቀርብ ስላየሁ ተረቱን ከእንግዲህ በጥንቃቄ እጠቀምበታለሁ። አባቴ በትሕትና ጉዞው መቼ እንደሚደርስ ሲጠይቁ ጊታር ተጫዋቹ መጣና በመስሚያ መሣሪያቸው በኩል ቆሞ ወለሉን በተረከዙ እየደበደበ ሁለት ዘፈን ዘፈነልን። አባቴ በመሐል መሣሪያውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፤ ሁለተኛውን ዘፈን እጅግ ወደዱት።

ሦስተኛው ስለ ሩዙ ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይንተባተባል። ሩዙ በብር ክዳን ተሸፍኖ መጣ፣ ክዳኑ ተነሣ፣ ከሥሩም ሦስት ማንኪያ የምትሆን ሩዝ አበባ ተሰክቶባት ተገኘች። መጥበሻው የለም። አባቴ መጥበሻው የት እንዳለ ሲጠይቁ አስተናጋጁ ተጨንቆ እርስዎን ጠራ፣ እርስዎም ክራቫትዎን እያስተካከሉ መጡ። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከሥሩ የያዘ ካለ ትንሽ ቢያስቀምሱኝ ብለው ለመኑዎት። አባቴ ማንንም ምግብ ሲለምኑ ሳይ በዕድሜዬ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እርስዎ ግን የለመኑዎት ሳይሆን የከሰሱዎት መሰለዎት። በዚህ ቤት የተቃጠለ ነገር ለእንግዳ እንደማይቀርብ፣ ሩዙ ወጥ ቤት ውስጥ ከላይ ከላዩ ተቀድቶ መጥበሻው በቀጥታ ወደ መዘፍዘፊያው እንደሚሄድ፣ የማረር ሽታ ሸቶን ከሆነም ቤቱ ከልብ እንደሚያዝን ገለጹልን። ወዲያውም ሽቶ የነካው ትኩስ ፎጣና አየር ማደሻ ይዘው የመጡ ሁለት ሠራተኞች ጠረጴዛችንን ረጩልን። ሩዙም ጽጌረዳ ጽጌረዳ አለ። አባቴ ሁለት ጊዜ ጎረሱ፣ አመሰገኑ፣ ሳህኑንም ቀስ አድርገው ወደ እኔ ገፉት።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር አልሰጠሁትም። አባቴ እጄን ልታጠብ ብለው ተነሡና ቆዩብኝ፤ ፈለግኋቸው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከጋዝ ሲሊንደሮቹ አጠገብ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጠው፣ የምሳ ዕቃ ክዳን በጉልበታቸው ይዘው ሲበሉ አገኘኋቸው። በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ እስከ ክርኗ አረፋ የለበሰች ሴት መጥበሻውን ውኃ ሳይነካው በብረት ማንኪያ ትፈቀፍቃለች። አባቴ በኋላ እንደነገሩኝ፣ የፍቅፈቃውን ድምፅ ሰምተው በሩ ላይ ሲቆሙባት ማን ነዎት፣ ምን ይፈልጋሉ አላለችም፤ ለራሷ ምሳ ያስቀመጠችውን አንሥታ፣ አባባ ይቅመሱ፣ እኔስ በየቀኑ አገኘዋለሁ ብላ ሰጠቻቸው።

አባቴ በሉ። ክቡር ሆይ፣ ይህችን ቃል ለመጻፍ ስምንት ወር ጠብቄያለሁና አንድ ጊዜ ልድገማት፤ በሉ። ክዳኑን ጨርሰው ወደ ምሳ ዕቃው ተሻገሩ፣ ከጥርሳቸው ሥር ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኝ ነበር፣ ከዚያም ቀና ብለው አዩኝና የእናትሽ ነው አሉኝ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሩዝ ሳታሳርር ቀርታ አታውቅም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አሳርራለች። ምግብ ማብሰል ሙያቸው የሆነው አባቴ ግን በየምሳው ድስቱን ወደ ራሳቸው ይስቡና፣ ከሥሩ እየፈቀፈቁ ያን የስፔን ወደብ ታሪክ ይጀምሩልን ነበር፤ እኛም በእናታችን መሳቅ ትተን በፍቅፋቂው እንጣላ ነበር። የናፈቃቸው ስፔን እንዳልነበረ የገባኝ ያን ዕለት ከለስላሳው ሣጥን አጠገብ ቆሜ ነው። አርባው ቀን እውነት ይሁን፣ ሞተሩም ይበላሽ አይበላሽ አልጠየቅኋቸውም፤ ወደፊትም አልጠይቃቸውም።

እርስዎም በዚያች ሰዓት በሩን ከፍተው አይተውናል። ፈገግ ብለው ጎንበስ ስላሉልን የፈቀዱልን መስሎን፣ ሴትዮዋም የቀረውን ቤት ሄደው ይብሉት ብላ ምሳ ዕቃዋን ስላስያዘችን፣ ሁላችሁንም እየመረቅን ወጣን።

በሐሙሱ ከሱቄ ስመለስ ቤታችን ያረረ ሩዝ ሸተተኝ። አባቴ ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድጃ አጠገብ ቆመው፣ ሩዝ ሠርተው፣ በሙያቸው ተጠንቅቀው አሳርረውታል። ምሳ ዕቃውንም ሞልተውታል፤ እናቴ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ትል ነበርና። ተያይዘን ወደ ኋላ በርዎ ስንመጣ ግን ሴትዮዋ እሑድ ዕለት፣ ገና እጇ ሳይደርቅ፣ መሰናበቷን ጥበቃው ነገረን። ጥፋቷም ቆሻሻን ለእንግዳ በማቅረብ የቤቱን ክብር ማዋረድ ተብሎ መጻፉን ሰማን። የለመኑት አባቴ፣ የጠገቡት አባቴ፣ የተባረረችው እሷ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

አባቴ በእኔ ሆድ የሰው እንጀራ ዘጋሁ አሉ፤ የሞላውን ምሳ ዕቃ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሳህኑ እንደገና ወደ እኔ እየተገፋ ነው፤ ያውም አሁን ከአንድ ጉርሻ በኋላ። በየሁለት ቀኑ ግን ሩዝ እያሳረሩ፣ ምሳ ዕቃውን እየሞሉ ኋላ በርዎ ላይ ሄደው ይቆማሉ፣ ምናልባት ተመልሳ እንደሆነ ብለው። እንዳይበላሽ ሩዙን ጥበቃው ይበላልናል፤ እሱ ወፍሯል፣ አባቴ ግን አልወፈሩም። እኔ ስናደድ ጨዋነት የማበዛ ሴት ነኝ፤ ይህ ደብዳቤ ይህን ያህል ጨዋ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሠራተኛዋን በአንዲት ፊርማ ወደ መዘፍዘፊያዋ ይመልሱልን። ይቅርታ አንጠይቅም፣ ጉዞውንም ድገሙልን አንልም፤ ሦስተኛዋንም ወይራ ትተንልዎታል። የአባቴ ሱሪ በስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጧል፤ ለአራተኛ ጊዜ ላጥብበው ወይስ ላስፋው የሚለው በእርስዎ እስክሪብቶ ላይ ተንጠልጥሏል። ለማስፋት የሚሆን ጨርቅ ከውስጥ በኩል ትቼለታለሁ።

የቤትዎን ክብር ከእርስዎ እኩል የምመኝ፣ የድንጋዩ፣ የአረፋውና የጽጌረዳው ሽቶ ባለውለታ፣ ብዙ መርፌና አንድ አባት ያለኝ፣

ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ለኋላ በሩ ጥበቃ (ከሩዙ ጋር)
ለእንጨቱ በሬ (ቢያንስ ከበሩ ስለማይጠፋ)

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት አባቴን ፍለጋ ስወጣ ሜኑዎን በብብቴ እንደያዝኩት ቤቴ ስለገባሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እስኪያስወስዱት ድረስ በመስኮቴ ላይ ከዚህ ደብዳቤ ጎን አስቀምጬዋለሁ። በሻማ ያልታየኝ አራተኛው ገጽ በፀሐይ ብርሃን ሲያዩት ጥሩ ይነበባል፤ ስለ ሩዙ በወርቅማ ፊደል «ከመጥበሻው ሥር የያዘው የዚህ ምግብ ነፍስ ነው፤ ለምናከብረው እንግዳ እንሰጠዋለን» የሚለውን በልብስ ሰፊ ጠመኔ አስምሬበታለሁ። በቤትዎ ካሉት ሠራተኞች ሁሉ ይህን የፈጸመችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ማንበብ እንደማትችል ጥበቃው ነግሮኛል።