ጥራጊው ያንቺ ነው ያልከኝ

ደሴ፣ የኔ ጌታ፣ አፈሩ ይቅለልህ። ስትለየኝ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ነበር። አሁን ሩዙ ታጭዶ ተወቅቷል፤ የወረታ መንገድ ሁሉ ገለባ ሆኗል። ተዝካርህንም አወጣን። ሰው ጊዜ ያስረሳል ይለኛል፤ እኔ ግን ዛሬም የሰው ሳል በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እዞራለሁ። ወርቅ የምታወጣበት የአሲድ ጢስ ሳንባህን እንደጎዳው ሐኪሙ በነገረን ማግስት እንኳ አፍንጫህን በጨርቅ ሸፍነህ ሥራህ ላይ ተቀመጥክ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው ምን ይደረጋል።

ሱቅህን አልዘጋሁትም። ከሐሙሲትም ከይፋግም ስብርባሪ ጌጥ ያመጡልኛል፤ የተበጠሰ ሐብል፣ ጥንዱ የጠፋ ጉትቻ፣ የድሮ የሰዓት ማሰሪያ። እንዳሳየኸኝ መጀመሪያ ጠርዙን በሞረድ እነካዋለሁ። ወፈር ያለ ወርቅ የለበሰውን እገዛለሁ፣ በስሱ የተቀባውን እመልሳለሁ። ቅብ የአሲዱን ዋጋ አያወጣም ትል ነበር። እውነትህን ነው፤ ለአንዷ ሴት አዝኜ ቅቧን ገዝቼ ከሰርኩ። አንተ ክረምት ክረምት ቤት ዘግተህ የምትሠራውን እኔ ጓሮ ወጥቼ፣ ነፋስ በሚያልፍበት እሠራዋለሁ። አሲዱ መዳቡን በልቶ ሲጨርስ ወርቁ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ይቀራል። አጥቤ አቀልጠዋለሁ። የሚወጣው ጠብታ ነው፤ ቤቱን ግን ይዞልኛል።

ስንጋባ ያጠለቅክልኝ ቀለበት ወርቅ የለበሰ መሆኑን ያኔውኑ ነግረኸኛል። ሌላ ሙሽራ ቢሆን ይደብቅ ነበር፤ አንተ ግን በወርቅ ነገር ዋሽተህ አታውቅም። ውስጡ መዳብ ነው፣ አንድ ቀን ሙሉ ወርቁን እሠራልሻለሁ አልከኝ። የሥራ ጥግህን መጥረጊያ ያላስነካኸውም ለዚሁ ነበር። ከሞረዱ የሚረግፈውን ብናኝ ከነአመዱ ከነአፈሩ በላባ ሰብስበህ በማሰሮ ታጠራቅም ነበር። «ጥራጊው ያንቺ ነው፤ ማሰሮው ሲሞላ አጥበን ቀለበትሽን እናወጣለን» ትለኝ ነበር። ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሄድክ።

የቀብርህ ዕለት ጎረቤቶች ቤቱን ለለቀስተኛ አሰናዱ። እንደ ልጃቸው የሚያዩህ እማማ ጥሩዬ ጥግህን አጽድተው ጠረጉት። ማሰሮውንም የምድጃ አመድ መስሏቸው ቦዩ ላይ ገለበጡት። ዝናቡ ያን ቀን አላባራም። የስንት ዓመት ልፋትህ ወደ ሩዙ ማሳ ወረደ። ይህን ስሰማ ሁለተኛ የሞትክብኝ መሰለኝ።

በኋላ ሰው ነግሯቸው እያለቀሱ መጡ። ወርቅ ነበረበት እንዴ ልጄ ብለው ጠየቁኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«አፈር ነው እማማ፣ ተራ አፈር» አልኳቸው።

እሳቸው መርቀውኝ ሄዱ፤ እኔ ባዶውን ማሰሮ አቅፌ ቀረሁ።

በቀደም አንድ የባሕር ዳር ነጋዴ ጣቴ ላይ ያለውን ቀለበት አይቶ፣ ይሄም ልባሱ ወፍራም ነው፣ ከስብርባሪው ጋር ብትጨምሪው ያዋጣሻል አለኝ። ያዋጣል፣ ዕውቀቱን አንተው ሰጥተኸኛል። በመዳፌ በኩል ተበልቶ ቀዩ መዳብ ብቅ ብሏል። እጄን ጥቁር ሻሌ ውስጥ ደበቅኩት።

ማሰሮህን ቦታው መልሼዋለሁ። የሚረግፈውን በላባህ እሰበስባለሁ፤ ጥግህን እኔ እያለሁ ማንም አይጠርገውም። ዓይኔ እስኪከደን አንተን ማሰብ አልተውም። አንድ ነገር ግን ይቅር በለኝ ደሴ። ስለ አፈሩ አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ስለ ቀለበቱም እዋሻለሁ። ሙሉ ወርቅ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ አዎ ነው እለዋለሁ።