ቤትሽን ያከራየኋቸው ሰውዬ

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ሳልሽ ተሻለሽ? ጉልበትሽስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

ደስ ይበልሽ፣ ቤትሽ በመጨረሻ ተከራየ። ጣሪያውን አስጠግኜ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አስቀይሬ፣ ግድግዳውን አስቀብቼ ለስንት ሰው አሳየሁ መሰለሽ! ባለቤትሽ ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያረፉበት መኝታ ክፍል ሲደርሱ ሁሉም ፊታቸው ይለዋወጣል፤ "እንደውላለን" ብለው በዚያው ይቀራሉ።

ሰኞ ዕለት ግን አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ያለ ደላላ ብቻቸውን መጡ። ማን እንደነገራቸው ብጠይቅ፣ "መንገዱ አይጠፋኝም" አሉኝ። ላስጎበኝ ስል ቀደሙኝ። ያ እንቢተኛ የመታጠቢያ ቤት በር ወደ ላይ ካላነሱት አይከፈትም አይደል? ሳልነግራቸው አንስተው ከፈቱት። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለውን ማብሪያም ሳያዩ በእጃቸው አገኙት። ድሮ ተከራይሽ ነበሩ እንዴ? እኔ ጋሼ ከሞቱ በኋላ የተወለድኩ፣ የዚያን ዘመን ሰው በምን አውቄ!

የመኝታ ክፍሉን ደፍ አልተሻገሩም። "ሳሎን እተኛለሁ፤ እዚህ አንዴ ተኝቼ መነሳት አቅቶኝ ነበር" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ውሉን ስንፈራረም የቤቱ ባለቤት ራሷ አትመጣም ወይ አሉኝ። ውክልና እንዳለኝ፣ እኔ የፈረምኩት አንቺ እንደፈረምሽው እንደሚቆጠር አስረዳኋቸው። "አውቃለሁ" አሉ፤ "ድሮም ከባዱን ነገር በሰው እጅ ነው የምታሠራው።"

ዕቃ አላመጡም። በነጋታው ጎራ ብል ከአንዲት ወንበር በቀር ምንም የለም፤ እሷም ፊቷን ወደ መኝታ ክፍሉ በር አዙራለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቶሎ ብዬ ወጣሁ። ግን ጨዋ ሰው ናቸው፣ ጎረቤትም አላማረረም። ውሉን አፍርስ ካልሽኝ አፈርሳለሁ፤ እኔ ያልሽኝን ከመፈጸም ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ደብዳቤውን አሽጌ ፖስታ ቤት ልሄድ ስል እሳቸው ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። "ወደ እሷ ዘንድ እየሄድኩ ነውና እኔው ላድርስልህ" አሉኝ። ፖስታውን ከፍቼ ይህችን ጨመርኩልሽ። አድራሻሽን ልጽፍላቸው ስል አያስፈልግም አሉ። እንግዳ እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ግን ሽማግሌ ናቸውና አደራሽን፣ በር ላይ አታቁሚያቸው።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እንቅልፍሽንም የሰላም ያድርግልሽ።

የእህትሽ ልጅ