ስፒል በአፌ ይዤ የገባሁበት የቪዲዮ ስብሰባ

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን መውጣት ቀለለሽ? ባለፈው በስልክ ስትስዪ የሰማሁት ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ አሁንም አልፋታ ብሎሻል? እኔ ደህና ነኝ። የምሥራች ይዤ በጥድፊያ ስለምጽፍልሽ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ልብስ የሰፋሁበት ቤት በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚዘጋ ነግሬሽ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል እያልኩ ሳለ፣ የተማሪ ደንብ ልብስ የሚሰፋ ድርጅት ዋና ቆራጭ ይፈልጋል ተባለ። ኃላፊዎቹ ሌላ ከተማ ስለሆኑ የሚጠይቁኝ በቪዲዮ ስብሰባ ነው። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ በስልክ ሳወራ እንኳ እጮኻለሁ።

በዋዜማው ከጎረቤቴ ከሬዲዮ ጠጋኙ ጋር ሞከርን። እሱ ከቤቱ ሆኖ አየኝና «አንቺ ሴትዮ፣ የሚታየኝ ግንባርሽ ብቻ ነው፣ እሱም ከሰል መስሏል» አለኝ። ለካ ለመስኮቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ኖሯል። ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አዞረኝ፤ ስልኩንም ጣቃ ጨርቅ ደራርቤ ከዓይኔ ትክክል አቆምኩት። ቀድመሽ ግቢ፣ ዝም ስትዪ ማይኩን ዝጊ፣ ስትናገሪ ክፈቺ እያለ እንደ ተማሪ አስደገመኝ።

በማግስቱ ሩብ ሰዓት ቀድሜ ገባሁ። ጭንቅ ሲይዘኝ እጄ ሥራ ካላገኘ አይሆንለትም፤ ሳላስበው መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ስፒሎች አንድ በአንድ እያነሳሁ በከንፈሬ መያዝ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ባለመነጽሯ ሥራ አስኪያጅና ባለከረባቱ የሠራተኛ ኃላፊ ብቅ አሉ። እሷ «ባለመስመር ጨርቅ ሲቆርጡ ከምን ይጀምራሉ?» አለችኝ። ማይኩን ከፈትኩ፣ አፌን ግን እንዴት ልክፈተው? ራሴን ነቀነቅኩ። ሰውየው «ድምፅዎ አይሰማም» አለ። አሁንም ነቀነቅኩ። «መስመራቸው አይሠራም፣ ወደሚቀጥለው አመልካች እንለፍ» አላት። ሰባቱንም ስፒል መዳፌ ላይ ተፋሁና «ኧረ አለሁ፣ አፌ ስፒል ሞልቶት ነው» አልኩ። እሱ ግንባሩን ቋጠረ፤ እሷ ግን ጥያቄዋን ደገመችልኝ። ካሜራውን ወደ ጠረጴዛው አዙሬ፣ የጨርቁ መስመር ከኪሱ መስመር ጋር እንዲገጥም እንዴት እንደማነጥፈው እያሳየሁ አስረዳኋት።

አመስግነው ደህና ይዋሉ አሉኝ። እኔም ማይኬን ዘጋሁ፤ እነሱ ግን መውጫውን ሳይነኩ ቀሩ። ባለከረባቱ «ሴትዮዋ እጇ ጥሩ ነው፣ ግን ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ከዘመኑ ማሽን ጋር አትግባባም» ሲል ሰማሁት። እትዬ፣ አልዋሽሽም፣ የእሷን መልስ ለመስማት ጆሮዬን ቀስሬ ቁጭ አልኩ። ግን ሰርቄ የሰማሁትን ይዤ ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ብዬ ማይኩን ከፈትኩና «ይቅርታ፣ ስብሰባው አልተዘጋም፤ እኔም እየሰማኋችሁ ነው» አልኳቸው። ባለከረባቱ መውጫውን መፈለግ ጀመረ። ከዚያ ባለመነጽሯ ሳቋን መያዝ አቅቷት «ከሦስታችን ከማሽኑ ጋር የተግባቡትስ እሳቸው ናቸው» አለችው። ወደ እኔ ዞር ብላም ሰኞ ሥራ ይጀምሩ አለችኝ።

ለጋሼ ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። የአማትሽን እጅ ሳሚልኝ። መንትዮቹን እኩል ሳሚያቸው፣ አንዷ ካነሰባት ታኮርፋለች። ትልቁን ልጅሽን ጢም አበቀልኩ ብሎ ሳይኮራብኝ አንድ መስመር ይጻፍልኝ በዪው።

ታናሽሽ

ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ
ሐሙስ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን