ጆሮዬን ሸፍኜ የጠየቅሁት

ውድ ታናሽ እህቴ፣

ሌባ አላባረርኩም። ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ይህ ይታወቅልኝ። ልጅሽ ላይል በስልክ የነገረሽ፣ አንቺም ለጎረቤቶችሽ አውርተሽ ስታበቂ በፖስታ ካርድ ላይ «ጀግናዋ እህቴ» ብለሽ የጻፍሽልኝ ነገር እውነት አይደለም። ጓሮዬ ውስጥ ሌባ አልነበረም። የሮጠም ሰው የለም።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የኦሪገን ዝናብ ለመገጣጠሚያ አይስማማም ብዬሽ ነበር፤ አልሰማሽኝም። ባለቤትሽስ ሳሉ ተወው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ አርካንሳው ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ባሚያው ከቁመቴ በልጧል። ፊደሌ ከወትሮው ገዘፍ ብሎ ካየሽው ብዕሩ ወፍራም ስለሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያን የማነበውን የእሑዱን ንባብ ደግሞ ለቬርና ለቅቄላታለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ማንበቡ ደግ አይደለም።

ነገሩን ከመነሻው ልንገርሽ። በሚያዝያ የውኃ ፓምፔን የመዳብ ሽቦ ነቅለው ወሰዱብኝ። ላይል ያን ቀን መጥቶ «አክስቴ፣ በቃ ዕቃሽን ጠቅልለሽ እኛ ጋ ነይ፤ ክፍሉ ተዘጋጅቷል» አለኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ክፍል ውስጥ አልገባም፤ ራሴን መጠበቅ አያቅተኝም አልኩት። ተናገርኩ፤ ከተናገርኩ ደግሞ ማድረግ ነበረብኝ። በማግስቱ ዌንደል ሱቅ ሄድኩ። ዌንደል መሣሪያ ሻጭ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬም ቲቸር ነው የሚለኝ።

መጀመሪያ አንድ ጥቁር ሽጉጥ አወጣልኝ፤ ላዩ ወደ ኋላ ተስቦ የሚያጎርስ ዓይነት። ጣቶቼን ታውቂያቸዋለሽ። የማርማላታ ጠርሙስ መክፈት ያቃታቸው ጣቶች ያን ብረት አይስቡም። መልሰው አልኩት። ቀጥሎ አጭርና ቀላል ባለ ከበሮ ሽጉጥ፣ ሪቮልቨር የሚሉትን፣ ሰጠኝ፤ ጥይቷ ግን ትልቅ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ባለው መተኮሻ አንዴ ሞከርኳት፤ መዳፌን በአለንጋ የተገረፍኩ መሰለኝ። «ቲቸር፣ ቀላል ሽጉጥ ከባድ ጥይት ካገባ የሚደበደበው ሽማግሌው ነው፤ እዚህ ሽማግሌው እጅዎ ነው» ብሎ ሳቀ። ስምንተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበር።

ሦስተኛዋን ወደድኳት። ገላዋ አሉሚኒየም ነው፤ በሚሽከረከር ከበሮዋ ሃያ ሁለት የሚሏትን ትንሿን ጥይት ትይዛለች፤ ጎርሳም ቢሆን ከግማሽ ኪሎ ስኳር አትከብድም። ሲተኮስባት አትራገጥም። ጥይቷ ርካሽ ስለሆነ በየቀኑ መለማመድ ይቻላል። ዌንደል ግን ጉድለቷን አልደበቀኝም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። የዚህች ጥይት ባሩድ የሚቀጣጠለው ጠርዟ ሲመታ ነው፤ ማቀጣጠያው በጠርዟ ዙሪያ እኩል ካልተዳረሰ አልፎ አልፎ ትከሽፋለች አለኝ። ከከሸፈች ደግሞ ቃታውን እንደገና መሳብ ነው፤ ከበሮው ዞሮ ሌላዋን ያቀርባል። ልምምድ ላይ ከሆነ ግን አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አድርጎ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዘግይታ የምትፈነዳ አለችና። ቃታዋ ጠንካራ ነው፣ ሲሳብም ረጅም ነው ብዬ ቅር ስሰኝ፣ «እሱስ ጥሩ ነው፤ ተስቦ እስኪያልቅ ሰው ሐሳቡን ይቀይራል» አለኝ።

የፊቷ ማነጣጠሪያ ጥቁር ነበር። ደማቅ ብርቱካናማ አድርግልኝ አልኩት። «ምነው ቲቸር፣ ጥቁሩ አይታይዎትም?» ሲለኝ፣ ጥቁር የምለብሰው ለቀብር ብቻ ነው ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ከዚያ በኋላ እንደ ትምህርት ያዝኩት። ባዶዋን መሳብ ብረቷን ይጎዳል ስላለኝ፣ ብሎን ከግድግዳ ጋር የሚይዘውን ቢጫ ፊሸር በጥይቱ ቦታ እየሰካሁ ወጥ ቤት ውስጥ ቃታ መሳብ ተለማመድኩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቤቱ ኋላ ባለው የአፈር ክምር ላይ ጣሳ ደርድሬ በእውነተኛው ጥይት። ጆሮዬን በትልቁ መሸፈኛ እሸፍናለሁ፤ ያን ሳላደርግ አንድም ቀን አልተኮስኩም። ቤት ስሆን በሽርጤ ኪስ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በቦርሳዬ እይዛታለሁ። ዌንደል ቦርሳዬ ውስጥ ከረሜላ አይቶ «ለብቻዋ ማኅደር ውስጥ ያድርጓት እንጂ! አንድ ቀን ለሕፃን ከረሜላ አወጣለሁ ሲሉ ጉድ ይፈላል» አለኝ። የቆዳ ማኅደር ገዛሁ። ያላሟላሁት ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ሌባ አባረረች የተባልኩበት ያ ሐሙስ ደረሰ። ሰው ግቢ ከመግባታችን በፊት ከመንገድ ጮኸን ስማችንን እንድንናገር አባባ እንዴት አድርጎ እንዳስተማረን ታስታውሻለሽ። ላይልም የአባባ የልጅ ልጅ ነው፤ ጮኾ ነበር። ጎርፍ የመግቢያውን መንገድ ቆርሶት ስለነበር መኪናውን አውራ መንገዱ ላይ አቁሞ በእግሩ መጣ። «ጉሮሮዬ እስኪነቃ ተጣራሁ» አለኝ በኋላ።

እኔ ጆሮዬን ሸፍኛለሁ። ቀና ስል፣ ሥጋ ከምናጤስባት ጎጆ ጥግ አንድ ሰው ቆሟል። ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ይዟል። ፊቱ አይለየኝም፤ ቁመት ብቻ ነው። ማነህ? አልኩ። መልስ የለም። ደግሜ ጠየቅሁ። መልስ የለም።

እህቴ፣ መልሶ ነበር። ሁለት ጊዜም መልሷል። እኔ ጆሮዬን ደፍኜ ነው የጠየቅሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቄ መልስ ያጣሁበት ቀን ስላልነበረ፣ ዝምታው ክፋት መሰለኝ። አነጣጠርኩ፤ ቃታውን ሳብኩ። ዌንደል እውነቱን ነው፤ ቃታው ረጅም ነው። ሰው ሐሳቡን የሚቀይርበት ጊዜ ይሰጣል። ጊዜውን ሁሉ ወሰድኩ፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ጥይቷ ከሸፈች።

ደግሜ ለመሳብ ጣቴን ስለቅ ሰውየው ወደ እኔ ተራመደ። ሲቀርብ ቀዩን ኮፍያ አየሁት፤ ቀጥሎ ጺሙን፤ ቀጥሎ የአንቺን አፍንጫ። አፈሙዙን ወደ አፈሩ አዞርኩ። ከዚያ የተማርኩትን አደረግሁ፤ ግማሽ ደቂቃ ጠበቅሁ። ያ ግማሽ ደቂቃ አላለቀልኝም።

ልጅሽ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ስለነበረች ምንም አላየም። ጣሳ ላይ የማነጣጥር መስሎታል። መሸፈኛውን ሳወልቅ እየሳቀ ነበር። «አክስቴ፣ ቲማቲም ነው ያመጣሁልሽ! እኔን የምትማርኪ ከሆነ ካርቶኑን ቀድሜ ላውርድና እጄን ላንሳ።» አልሳቅሁም። «ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ ሊጥ መሰለ እኮ!» አለኝ። እኔም፣ ከጎጆው ኋላ የሮጠ ሰው ያየሁ መሰለኝ አልኩት።

ተማሪን በአንዲት ውሸት ግድግዳ አስደግፌ የማቆም ሴት፣ እንዲህ አልኩ። እሱ ቲማቲሙን መሬት ላይ ጥሎ ባዶ እጁን ጫካ ገባ። ሲመለስ እሾህ ክንዱን ቧጭሮት ነበር። ያደማሁት እኔ ነኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁሉም ድስቱን ይዞ በሚመጣበት ምሳ ላይ ሌባው ሁለት ሜትር ቁመት አውጥቶ ነበር። ቬርና «እኔ ብሆን ሽጉጡን ለሌባው አቀብዬ ራሴን እስት ነበር!» ብላ አሳቀቻቸው። ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። እንደኔዋ ያለች ብርቱካናማ ነጥብ ያላት ሽጉጥ እንዲያመጣላቸው ዌንደልን አዘዋል። እኔ የባቄላዬን ሳህን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላይል ከእንጨት መሰንጠቂያው ሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ አይሄድም። እኔ ጋ የበቆሎ ቂጣ በባቄላ ይበላና ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በረንዳዬ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያው ይተኛል። የሌለ ሌባ ይጠብቃል። የልጁ የኳስ ውድድር አምልጦታል። ሚስቱ ምንም አትልም፤ ቂጣዬን አመስግና ትልክብኛለች።

ለምን እስካሁን አልነገርኩትም? ይነሣና ይሄዳል፣ ሁለተኛም ጓሮዬን አይረግጥም ብዬ ፈርቼ ነው። ይህ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ይብሳል። በረንዳው ላይ ሲያፏጭ መስማት ወደድኩ። በውሸት ያገኘሁትን ጠባቂ በእውነት ወደድኩት።

ትናንት እራት ላይ ሁለተኛ ቂጣውን እየቆረሰ እንዲህ አለኝ፦ «ከእንግዲህማ ጠይቄ ዝም ያለኝን ሰው አልጠብቅም አክስቴ። እተኩሳለሁ። አንቺ አይደለሽ ያሳየሽኝ?» ሳህኑን ከፊቱ አነሣሁ። እሱ ልጨምርለት መስሎት አመሰገነኝ። ስለዚህ ነው ዛሬ ከሥራ ሳይመለስ የምጽፍልሽ።

የዚያች ጥይት ማቀጣጠያ እንደ ሌሎቹ እኩል ተዳርሶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ያንን ደብዳቤ በልቤ ስጽፈው አድሬያለሁ፤ ከመጀመሪያው መስመር አላልፍም። ይቅርታ አሁን አልለምንሽም። መጀመሪያ ተቆጪኝ። ልጅ ሆነን እኔ ስቆጣሽ ያለቀስሽውን ያህል አድርገሽ ተቆጪኝ፤ ከዚያ የምትይውን እቀበላለሁ።

እግዚአብሔር ልጅሽን ከእኔ እንደጠበቀልሽ ከሌላውም ይጠብቅልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የባለቤትሽን ደረት ይማርልሽ፤ ቤታችሁን ሰላም ያድርገው።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ላይል ሥራ አይገባም። መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ከመንገድ ዳር ባለው ሳጥን ከትቼ ፖስተኛው እንዲወስደው የሳጥኑን ቀይ ምልክት አቆማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ልቤ ቢከዳኝም ወረቀቱ ሄዷል። ቀጥሎ ላይልን በረንዳው ላይ፣ ቁርስ ሳልሰጠው፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሁሉንም እነግረዋለሁ። ጥይቶቹን ከከበሮዋ አውጥቼ ሽጉጧን ከነማኅደሯ ጭኑ ላይ አኖራለሁ። የሚለውን ሳላቋርጥ እሰማለሁ። ምንም ይበል ምን፣ ሰው ያልለየ ዓይን መንዳት የለበትምና የመኪናዬን ቁልፍ አስረክበዋለሁ። ከዚያ ዌንደል ሱቅ ሄጄ እነዚያ ሴቶች ያዘዙትን ከመውሰዳቸው በፊት እውነቱን እስክነግራቸው እንዲጠብቁኝ እነግረዋለሁ። ላይል ከወሰደኝ በመኪና፤ ካልወሰደኝ በእግሬ።

ታላቅ እህትሽ